ሕፃኑ ሳይቀመጥ

«ዘንድሮ ሕፃኑን ማንም አያነሳውም። አልኩ፣ አልኩ ነው!»

ይህን ያለችው እናቴ ናት፤ እሑድ ጠዋት፣ በግቢያችን የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ላይ፣ ክንዷ እስከ ክርኗ ድረስ አረፋ ውስጥ ገብቶ። እኔ ባልዲዬን ይዤ ከኋላዋ ተራ እየጠበቅሁ ነበር። ሌሊቱን እሳተ ገሞራው ተራራችን አመዱን ስለተፋብን የከተማችን የፑዌብላ ሴት ሁሉ ቅዳሜ ያጠበችውን እሑድ መልሳ የምታጥብበት ቀን ነው፤ ስለዚህ በገንዳው ዙሪያ የሌለ ሰው አልነበረም፣ ሁሉም ሰማ። በቅጠል ተጠቅልሎ የሚቀቀለውን የበቆሎ ምግብ፣ ታማል፣ የምትሸጠው ጎረቤታችን ኩካ አንሶላዋን እየጨመቀች «እሰይ፣ ደግ አደረጉ እማማ ኤንግራሲያ! የሚሄድ ሰው ምን ያደርግለታል? ደግሞስ ፈረንጅ አይደለም እንዴ? አውሮፕላኑ ላይ ሲወጣ ሕፃኑንም እኛንም ይረሳናል» አለች። እናቴ ቀና ብላም አላየቻትም። ሸሚዙን ድንጋዩ ላይ እንዴት እንደምታሸው ብታዩ ሸሚዙ የበደላት ነገር ያለ ይመስላችኋል። እኔ ደሜ ፈላ። እንዲህ ያለ ነገር ሰውየው ሳይሰማ፣ በሌለበት፣ በገንዳ ላይ ይወሰናል? ግን የእናቴን አመል አውቃለሁና አፌን ይዤ ባልዲዬን እንደያዝኩ ተመለስኩ።

ሕፃኑ የምንለው የቤታችን ሕፃን ኢየሱስ ነው። ከእንጨት የተጠረበ፣ ክንድ የማይሞላ፣ አንድ ጣቱ የጎደለ፣ ከእናቴ አያት የወረስነው። በገና ዋዜማ ግርግም ውስጥ እናስተኛዋለን፤ በአርባኛው ቀን፣ በሻማ በዓል፣ የክርስትና አባቱ ያነሳውና አዲስ ልብስ አልብሶ ለቡራኬ ቤተ ክርስቲያን ይወስደዋል። ይህ አባትነት የሦስት ዓመት ነው። አንደኛውን ዓመት ነጭ ያለብሰዋል፣ ሁለተኛውን ደስ ያለውን ያለብሰዋል፣ ሦስተኛውን ዘውድ ደፍቶለት እንደ ንጉሥ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል። ካስቀመጠው በኋላ አባትነቱ አለቀ፤ ይመሰገናል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ሕፃኑም ለሌላ ሰው ይሰጣል። ጎረቤታችን ዶን ቶርበን አባት የሆኑት ከሁለት ዓመት በፊት በሰብአ ሰገል ዕለት ነው። በዚያን ቀን የሚቆረሰው ዳቦ ውስጥ ትንሽ አሻንጉሊት ይደበቃል፤ የደረሰው ሰው አባት ይሆናል። እኛ አገር ሰው አሻንጉሊቱ ሲደርሰው ወጪውን ፈርቶ ጉንጩ ውስጥ ይሸሽገዋል፣ አንዳንዱም ይውጠዋል። እሳቸው ግን ነክሰውት የጎን ጥርሳቸው ተሰበረና ደም እየተፉ «እኔ ነኝ! እኔ ጋ ነው!» ብለው እጃቸውን አወጡ። እናቴ የዚያን ዕለት እስኪያማት ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ «አበልጄ፣ አበልጄ» ሲባባሉ ይውላሉ።

ዶን ቶርበን የዴንማርክ ሰው ናቸው። ለአንድ ዓመት እንጨት ሥራ ሊያስተምሩ መጥተው ሠላሳ አንድ ዓመት ቆዩ፤ ከዚህ ውስጥ ሃያ ስምንቱን የኖሩት ከእኛ በር ፊት ለፊት፣ ግቢውን ተሻግሮ ባለው ክፍል ነው። በሰፈራችን የወንበር አናጺ ሞልቷል፣ በቀጠረው ቀን የሚያደርስ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። «ማክሰኞ በአሥር ሰዓት» ካሉ ማክሰኞ በአሥር ሰዓት ወንበሩን ትከሻቸው ላይ አድርገው ይመጣሉ፤ ደንበኛው ራሱ ረስቶት ቤት አይገኝም። አሁን ዓይናቸው እምቢ አለ። በኅዳር ወር ሐኪሙ መጋዝ እንዳይነኩ ነገራቸው፣ ባሕር ማዶ ያለችው እህታቸው ግሬተ ደግሞ «ክፍል አዘጋጅቼልሃለሁ፣ ና» አለች። ቲኬቱ ተቆረጠ። መጀመሪያ የተቆረጠው ለነገ ነበር። እሳቸው ግን ሕፃኑን ሳላስቀምጥ አልሄድም ብለው ከሻማው በዓል በኋላ ባለው ማክሰኞ አዛወሩት። እህትየው በስልክ ስትጮህ ግቢው ሁሉ ሰምቷል፤ ቋንቋው ባይገባንም ቁጣ መቼም ቁጣ ነው። እንግዲህ እናቴ አያነሱትም ያለችው እኚህን ሰው ነው።

ቤት ገብቼ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። ይህ ወር የእኔ አዝመራ ነው፤ የሰፈሩ ሕፃናት ሁሉ ራቁታቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ተደርድረው ልብሳቸውን ይጠብቃሉ። ተራ ቀሚስ ሁለት መቶ ፔሶ፣ የንጉሥ ካባ ሦስት መቶ ሃምሳ፣ ዳንቴል ካለው አራት መቶ፤ ያም ሆኖ «አንቺ ኦፌሊያ፣ ለጌታ እንኳ አትቀንሺም?» የሚሉኝ አይጠፉም። የእኛን ሕፃን ካባ ከሁሉ አስቀድሜ ነበር የጨረስኩት። ቀይ ከፋይ ነው። ዶን ቶርበን ራሳቸው ገበያ ወርደው፣ ጨርቁን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው፣ ሻጩ እስኪሰለች አገላብጠው የመረጡት። እናቴ አንሶላዋን አስጥታ ገባችና በአጠገቤ ስታልፍ ካባውን አየችው። አልነካችውም። ሰማሽኝ ወይ አላለችም፣ እኔም ሰማሁሽ አላልኳት። ከእናቴ ጋር ሃምሳ አራት ዓመት ኖሬ የተማርኩት ነገር ቢኖር አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ቀኑን ሙሉ ሳይነጋገር ምሳ ሠርቶ፣ በልቶ፣ ዕቃ አጥቦ መዋል እንደሚችል ነው።

ለእሳቸውም ያደረገችው ይህንኑ ነው። ከኅዳር ጀምሮ «እንደምን አደሩ» ከማለት በቀር አላነጋገረቻቸውም። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ እሑድ ምሳ የሚበሉት እኛ ጋ ነበር፤ ሰፈሩ ድሮ አምቷቸው አምቷቸው ሲሰለቸው የተወው ነገር ነው። አሁን አትጠራቸውም። ግን ሞሌ ወጡን ሠርታ፣ የዶሮውን እግር ከነባቱ ለእሳቸው ለይታ፣ የበቆሎ ቂጣውን በጨርቅ ጠቅልላ «ውሰጂለት» ትለኛለች። ለማን ብዬ ብጠይቃት «ለዚያ» ትላለች። ሰው ተቀይሞ ምግብ የሚልክ እኔ ያየሁት እናቴን ብቻ ነው። እሳቸው ደግሞ ሳህኑን ባዶውን አይመልሱም፤ አንድ ብርቱካን፣ አንድ ቀን ሁለት እንቁላል፣ አንድ ቀን ደግሞ የደነዘ ቢላዋችንን ስለው ይልካሉ።

የዛሬውን ሳህን ይዤ ግቢውን ተሻገርኩ። ክፍሉን ሳየው ሆድ ባሰኝ። አልጋው ተሽጧል፣ ቁምሳጥኑ ተሽጧል፤ ግድግዳው ላይ ቁምሳጥኑ የነበረበት ቦታ ብቻ ሰማያዊ ሆኖ ቀርቷል፣ ሌላው ጢስና ዓመታት አጥቁረውታል። መሣሪያዎቻቸውን አልሸጡም፤ አንድ ባንድ ለሰፈሩ አናጺዎች ሰጡ፣ ያውም እኚያ በቀጠሮ ለማይገኙት። መሬት ላይ ፍራሽ፣ አንድ የተከፈተ ሻንጣ፣ አንድ መላጊያና የብርጭቆ ወረቀት ቁራጭ። መስኮቱ ላይ ደግሞ ለሕፃኑ የሠሯት ወንበር። እግዚኦ! እንዴት ያለች ወንበር መሰለቻችሁ! ስንዝር ከምናምን ነው ቁመቷ። መደገፊያዋ ላይ የእኛ ተራራ ከነጢሱ ተቀርጿል፣ መቀመጫዋ እንደ ትልቅ ሰው ወንበር በሣር ተታትቷል። የእኛ ሕፃን ተኝቶ የተጠረበ ስለሆነ መቀመጥ አይችልም፤ ድሮ ሌሎቹ አባቶች በሪባን እያሰሩ ነበር የሚያስቀምጡት። እሳቸው የጀርባውን ጉብታና የጭኑን መታጠፊያ ለክተው መቀመጫውን ለእሱ ገላ ጎድጎድ አድርገውለታል።

«ነይ፣ ዳሰሺያት» አሉኝ። «ዓይኔ ሳይሆን ጣቴ ነው የሠራት። አንድ ምስማር የለባትም። ጠብታ ሙጫ የለባትም። እግሮቿ የተያያዙት በእንጨት ችንካር ብቻ ነው። እኔም እናንተም አልፈን እሷ ትኖራለች።»

«እጅዎ ይባረክ፣ ዶን ቶርበን» አልኩ።

ሳህኑን ተቀብለው ጨርቁን ገለጥ አደረጉና የዶሮውን እግር አይተው ፈገግ አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አበልጄ አሁንም ተቆጥታለች?» አሉኝ።

«እናቴ ከተወለደች ጀምሮ እንደተቆጣች ናት፤ ምን አዲስ ነገር አለ?»

ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ ማርያምን፣ ልነግራቸው ነበር። ግን እሳቸው ወንበሯን አንስተው ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ በአውራ ጣታቸው የክንዷን ጫፍ እያሻሹ «ይህን ብጨርስ ቀለል ብሎኝ እሄዳለሁ። አንድ ነገር እንኳ ጀምሮ ጨረሰ ትሉኛላችሁ» አሉ። «ምሳው ይቀዘቅዛል» ብዬ ወጣሁ። እናቴ በገንዳ ላይ ያወራችውን እኔ በሰውየው ሻንጣ ላይ አላወራም አልኩ ለራሴ። እውነቱን ለመናገር ግን ፈርቼ ነው።

እኔና እናቴ ምሳ በላን። ሦስተኛው ወንበር እንደወትሮው ጠረጴዛው ጋ አለ፤ ከኅዳር ወዲህ ማንም አላነሳውም፣ ማንም አልተቀመጠበትም። ሕፃኑ ኮሜዲኖው ላይ ባለው ግርግሙ ውስጥ አምና ያለበሱትን ነጠላ ሸሚዝ ለብሶ ተጋድሟል። እናቴ ቦሎቄውን በቂጣ እየጠረገች እየደጋገመች ወደ እሱ ታያለች። አንድ ጊዜ «ጨው አንሶታል» አለች። አላነሰውም። ከግቢው የኩካ ሬዲዮ ይሰማል፣ አንሶላዎቹ ነፋስ ላይ ይርገበገባሉ። በጭንቅላቴ ሃምሳ ጊዜ ጀመርኩት፤ «እማዬ፣ ይህ ግፍ ነው፤ እማዬ፣ እኚህ ሰው እህታቸውን ያስቀየሙት ለዚህ ነው፤ እማዬ፣ በሰማንያ አንድ ዓመትሽ እንደ ሕፃን ታኮርፊያለሽ?» አንዱንም አላልኩም። ዕቃውን አነሳሁ፣ እሷም ጠረጴዛውን ጠረገች።

አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። አሥር ሰዓት ሲሉ አሥር ሰዓት ነው። ዶን ቶርበን ብቸኛ ኮታቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን በውኃ አስተኝተው፣ በአንድ እጃቸው ወንበሯን በሌላው የታጠበውን ሳህን ይዘው ቆመዋል። ሳህኑ ላይ አንድ ሎሚ አለ። ገቡ፣ ሎሚውን ለእኔ ሰጡኝ፣ ወንበሯን ግን በሁለት እጃቸው ይዘው እናቴ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት።

«አበልጄ፣ የልጃችን መቀመጫ ደረሰች። ልለካው እችላለሁ?»

እናቴ ወንበሯን አየች። ረጅም ጊዜ አየቻት። ተራራውን በጣቷ ነካችው፣ ሣሩን ነካችው። ፊቷ ሲለሳለስ አይቼ እሰይ፣ አለፈ አልኩ። ቀና ስትል ግን «አይነሳም» አለች።

«ምን አሉኝ?»

«ሕፃኑ ዘንድሮ አይነሳም። ቤተ ክርስቲያን አይሄድም፣ አይቀመጥም። ወንበርዎን ይውሰዱ።»

አልቻልኩም። «እማዬ!» ብዬ ጮህኩ። «ምን ነካሽ? ሰውየው ለዚህ ብለው ቲኬት አዛወሩ! ዓይናቸው ሳያይ በጣታቸው ሠሩት! የሰው ልብ መስበር ሥራሽ ነው እንዴ? ያውም ለኩካ ነግረሽ፣ ለግቢው ሁሉ ነግረሽ…»

«አንቺ ዝም በይ!» አለችኝ። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞራ፣ ሁለት ወር ሙሉ ያፈነችውን ባንድ ትንፋሽ አወጣችው። «ሬፉጂዮን ያስታውሷታል፣ አበልጄ? ሦስቱን ዓመት ጨረሰች፣ አስቀመጠችው፣ ጠግባ በልታ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ገበያ ስታየኝ ብቻ ነው ሰላም የምትለኝ። አኩርሲዮስ? ዘውዱን ደፋለት፣ እቅፍ አድርጎ ሳመኝ፣ እስከ ዛሬ ደጄን አልረገጠም። የሟቹ ባሌ ወንድም እንኳ! ሁሉም አስቀመጡት፣ ሁሉም ጨረሱ፣ ሁሉም ሄዱ። እነሱስ ይሂዱ፣ አልናፍቃቸውም። እርስዎ ግን ካስቀመጡት ጨረሱ ማለት ነው። ወደዚህ የሚመልስዎ ነገር አይኖርም። ጨርሰው እንዲሄዱብኝ አልፈልግም!»

እናቴ ስታለቅስ ያየሁት አባቴ የሞተ ቀን ነው፤ ያኔም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር። አሁን አላዞረችም። ቁጭ ብላ በመሐረቧ ሳይሆን በጠረጴዛው ጨርቅ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። ጠዋት ሙሉ የተናደድኩባት ነገር ይኼ ነው? ግፍ ያልኩት? እናቴን ዘልዬ ላቅፋት ፈለግሁ፤ ግን እኛ ቤት እንዲያ አይደረግም።

ዶን ቶርበን ግርግሙ ውስጥ የተኛውን ሕፃን አዩ፣ ወንበሯን አዩ፣ እናቴን አዩ፤ ምን ያህል እንደታያቸው እንጃ፣ ዓይናቸው የሚያየው ጥላ ብቻ ነው ብሏል ሐኪሙ።

«እርስዎ አስቀድመው አሉት እንጂ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እኔም ይህንኑ ልነግርዎ ነበር የመጣሁት። ወንበሯ አልደረሰችም።»

«እንዴት አልደረሰችም?» አለች እናቴ በእንባዋ መሃል።

«ሙጫው አልደረቀም።»

«ሙጫው?» አልኩ እኔ ሳላስበው። ዶን ቶርበን ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ቀጠሮ ያላፈረሰ፣ ያልደረሰ ሥራ ደርሷል ብሎ፣ የደረሰ ሥራ አልደረሰም ብሎ የማያውቅ ሰው እንዲያ ሲያየኝ አፌን ገጥሜ ያዝኩ።

«አዎ፣ ሙጫው» አሉ። «በዚያ ላይ ይህቺ እግር ትወላገዳለች።» ወንበሯን ገለበጧት፣ በአውራ ጣታቸው ጥፍር የኋላውን የቀኝ እግር ችንካር ፈልገው ገፉት፣ እግሩን ነቀል አደረጉና ጣት የምታህለውን እንጨት ከነችንካሯ ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተቷት። «እንዲህ ያለ ሥራ አላስረክብም፤ ስሜ ይጠፋል። እህቴ ቤት ጥሩ መላጊያ አለ። እዚያ አስተካክዬ አመጣታለሁ።»

«መቼ?»

«ለሚመጣው ዓመት። ለሻማው በዓል።»

«ለሻማው በዓል አይሆንም» አለች እናቴ፣ አሁን ድምፅዋ ወደ ቁጣው ተመልሷል፣ ተመስገን። «የሰብአ ሰገል ዳቦ ሳይቆረስ ይምጡ። ልብስ መለካት አለ፣ ሥራ አለ። እስከዚያ ለማንም አልሰጠውም። አባቱ እርስዎ ነዎት። ቀን ይንገሩኝ፣ እርስዎ ቀን የሚያከብሩ ሰው ነዎት።»

«ከዳቦው በፊት ባለው ቀን። በአሥር ሰዓት።»

«በአሥር ሰዓት» አለች እናቴ፣ እና ተነሥታ ሦስተኛውን ወንበር በእግሯ ወደ ኋላ ሳበችው። «ታዲያ ምን ቆመዋል? ይቀመጡ እንጂ! ኦፌሊያ፣ ሞሌውን አሙቂ። ቡና ጣጂ። ሰውየውን እንደ ፖሊስ በር ላይ አቁመሽ ታያለሽ?»

አሞቅኩ። ጣድኩ። እነሱ ከኅዳር ጀምሮ ያላወሩትን አወሩ፤ ስለ ተራራው አመድ፣ ስለ ኩካ ታማል መወደድና ማነስ፣ ዴንማርክ ውስጥ ቃሪያ ይገኝ እንደሆነ። «አይገኝም» ሲሏት እናቴ ደንግጣ ያንኑ ሰዓት የደረቀ ቃሪያ በከረጢት መቋጠር ጀመረች፣ ሻንጣቸውን ከግማሽ በላይ የሚሞላ። እኔ ምድጃው ጋ ቆሜ፣ ዕድሜያቸውን ደምሬ፣ የእሳቸውን ዓይንና የእሷን የደከመ ልብ ደምሬ፣ አንድ ዓመት ስንት ቀን እንደሆነ አሰብኩና ጀርባዬን ሰጥቻቸው አለቀስኩ። የሞሌው በርበሬ ነው ብል ማን ይጠይቀኛል?

ማክሰኞ ሄዱ። ከዚያ በፊት በበዓሉ ቀን ሕፃኑ የአምናውን ሸሚዝ ለብሶ ተኝቶ ውሎ ነበር፤ ቀዩ ካባ ቁምሳጥኔ ውስጥ በናፍታሊን ተቀምጧል። ወንበሯን እናቴ ግርግሙ አጠገብ ግድግዳ አስደግፋ በሦስት እግሯ አቁማታለች። ከሳምንት በኋላ ኩካ ስኳር ልትበደር መጥታ ዓይኗ እዚያ ላይ ዐረፈ።

«ውይ እማማ ኤንግራሲያ፣ ይህን የመሰለ ወንበር ተሰበረ?»

«አልተሰበረም» አለቻት እናቴ ስኳሩን እየሰፈረች። «አንዱ እግሩ መንገድ ሄዷል። ይመጣል።»